የቆዩ የልዕለ ጀግና ኮሚኮችን ቀዳዳ ፈልጎ በወግ የመሳቅ ዘዴ

ልጅ ሳለን አያታችን «ተረት ተረት» ሲሉ «የላም በረት» ብለን የመለስን ሁሉ ሳናውቀው አንድ ውል ገብተናል። ጅብ ይናገራል፣ ጦጣ ዳኛ ትሆናለች፣ አህያ ከሳሽ ሆና ትቆማለች፤ ውሉ ይህን ስለፈቀደ ማንም ልጅ ተነሥቶ «ጅብ እንዴት ይናገራል?» ብሎ አይጠይቅም። ነገር ግን በተረቱ መጀመሪያ ላይ የሞተው አንበሳ መጨረሻው ላይ ለፍርድ ቢቀመጥ፣ ከልጆቹ አንዱ «አያቴ፣ ሞቶ የለም እንዴ?» ማለቱ አይቀርም፤ ያን ጊዜ ቤቱ በሳቅ ይሞላል። በቆዩ የልዕለ ጀግና ኮሚኮች፣ ማለትም ታሪካቸውን በተከታታይ ሥዕል በሚተርኩ መጽሔቶች፣ የመሳቅ ጥበብም ከዚሁ የሚመነጭ ነው። የሚያስቀን ታሪኩ የማይሆን ነገር መናገሩ አይደለም፤ ራሱ የተናገረውን ራሱ ማፍረሱ ነው፤ ቀዳዳ የምለውም ይህንኑ ነው።

ይህን መመሪያ የምጽፈው በባሕር ዳር ከተማ፣ በጣና ዳርቻ ከአንድ ሾላ ሥር፣ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ እየተሰባሰብን ኮሚክ ጮክ ብለን የምናነብ ጥቂት ጓደኛሞች ለዓመታት ካዳበርነው ልማድ ተነሥቼ ነው። ከመካከላችን አንድ የፊዚክስ መምህር፣ አንዲት የልብስ ስፌት ባለሙያ፣ ሁለት የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎችና ደንገል አስረው ታንኳ የሚሠሩ አንድ አባት አሉ። መጽሔቶቹን ከፊሉን በስልክ፣ ከፊሉን ደግሞ ዘመድ ከውጭ ባመጣቸው ያረጁ ቅጂዎች እናነባለን፤ እንግሊዝኛው ለሚከብደው ሰው ከጎኑ የተቀመጠው ወደ አማርኛ እየመለሰ ያነብለታል። ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ለጀማሪ የምሰጠው የመጀመሪያ ምክር፣ አንድን ታሪክ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲያነቡ ለመሳቅ ሳይሆን ለማመን ያንብቡት የሚል ነው። «ሰው እንዴት ይበራል?»፣ «ሸረሪት የነከሰችው ልጅ ይታመማል እንጂ ግድግዳ አይወጣም» የሚሉ ቀልዶች ቶሎ የሚደርቁት፣ ታሪኩ ከመጀመሪያው ገጽ ጀምሮ በግልጽ የነገረንን ነገር እንደ አዲስ ግኝት ስለሚያቀርቡ ነው። እንዲህ የሚቀልድ ሰው «የላም በረት» ሳይል ተረት ሊሰማ የተቀመጠ ነው። ስለዚህ በመጀመሪያው ንባብ ጀግናው ምን እንደሚችል፣ ምን እንደማይችል፣ ኃይሉን ከየት እንዳገኘና ምን እንደሚያደክመው በደብተር ላይ ይመዝግቡ፤ ከእያንዳንዱ ሕግ አጠገብም የመጽሔቱን ቁጥርና ዓመቱን ያስፍሩ። ይህ ደብተር የሥራው ሁሉ መሠረት ነው፤ ያለ ደብተር የሚሳቅ ሳቅ ብዙውን ጊዜ ውሃ የማይቋጥር ክስ ሆኖ ይቀራል።

ለምሳሌ ሱፐርማንን እንውሰድ። ጄሪ ሲገልና ጆ ሹስተር የፈጠሩት ይህ ጀግና ለመጀመሪያ ጊዜ የታየው በ1938 በወጣው «አክሽን ኮሚክስ» ቁጥር 1 ላይ ሲሆን፣ ያን ጊዜ ፈጽሞ አይበርም ነበር። መጽሔቱ ራሱ ሕጉን በመጀመሪያው ገጽ ይናገራል፦ የማይል አንድ ስምንተኛ ያህል ይዘላል፣ ባለ 20 ፎቅ ሕንጻ ይሻገራል፣ ከፈጣን ባቡር ይቀድማል፣ ቆዳውንም ከሚፈነዳ የመድፍ ጥይት ያነሰ ነገር አይበሳውም። ደራሲዎቹ ይህንንም ያለ ማስረጃ አልተዉትም፤ ጉንዳን ከክብደቷ እጅግ የሚበልጥ ነገር እንደምትሸከምና አንበጣ ከቁመቱ አንጻር ሲታይ እጅግ ሩቅ እንደሚዘል ጠቅሰው፣ የእነርሱም ጀግና ከዚህ የተለየ አይደለም ብለው ይከራከራሉ።

ሕጉን ከመዘገቡ በኋላ በሚያውቁት ስፍራ ይለኩት፤ ቁጥር ሕይወት የሚዘራው ያን ጊዜ ነውና። የማይል አንድ ስምንተኛ 200 ሜትር ገደማ ነው። በ2024 የተመረቀው አዲሱ የአባይ ድልድይ 380 ሜትር ይረዝማል፤ ስለዚህ የ1938ቱ ሱፐርማን ድልድዩን በሁለት ዝላይ ያልፈዋል፤ በመካከሉ ግን አንድ ጊዜ አስፋልቱን መርገጥ ግድ ይሆንበታል። ከባሕር ዳር እስከ ጢስ አባይ ፏፏቴ ያለውን 30 ኪሎ ሜትር ያህል መንገድ ለመጨረስ ወደ 150 ጊዜ መዝለልና መሬት መርገጥ አለበት። አንድ ቅዳሜ ይህን ስናሰላ የስፌት ባለሙያዋ ጓደኛችን በየዝላዩ የሚያርፈው በማን ጤፍ ላይ እንደሆነ ጠየቀች። ጥያቄዋ የታሪኩን ሕግ ሳይነካ፣ ከሕጉ ውስጥ ወጥቶ የሚያስቅ ስለሆነ የዚያ ዕለት ምርጥ ቀልድ ሆኖ ተመዘገበ።

ይሁን እንጂ ሱፐርማን ከጥቂት ዓመታት በኋላ መብረር መጀመሩን ሲያዩ «ቀዳዳ አገኘሁ» ብለው አይቸኩሉ። ይህ የሕግ መለወጥ ነው፤ ቀዳዳ ግን ሕጉ ባልተለወጠበት ታሪክ ውስጥ ሕጉ ሲጣስ የሚፈጠር ነው። እንዲሁም እንግዳ የሆነ ሕግ ሁሉ ቀዳዳ አይደለም። በኃይለኛ ቀለበት የሚዋጋው ጀግና ግሪን ላንተርን ሁለት ነው፤ በ1940 የወጣው የመጀመሪያው ቀለበቱ በእንጨት ላይ አይሠራም፤ በ1959 በስሙ የተተካው ሌላው ደግሞ በቢጫ ቀለም ላይ ኃይል አልነበረውም። ይህ ሲሰሙት የሚያስቅ ቢሆንም ታሪኩ በግልጽ ያስቀመጠው ድንበር ነው፤ ሊያከብሩት ይገባል። ሳቁ የሚመጣው ድንበሩን ይዘው ሲጓዙ ነው። ሁለተኛው ግሪን ላንተርን በመስከረም ወደ እኛ ቢመጣ፣ አደይ አበባ በሸፈነው ሜዳ መካከል ምን ይሆናል? የመጀመሪያውስ በጣና ላይ ከደንገል ታንኳ ጋር ቢፋጠጥ ቀለበቱ ይሠራል ወይ? ደንገል እንጨት ነው ወይስ ሣር? በዚህ ጥያቄ ላይ ከአንድ ሰዓት በላይ ተከራክረን፣ ደንገል ግንዱ እንጨት የማያወጣ ተክል በመሆኑ ቀለበቱ ይሠራል፣ መቅዘፊያው ግን ከእንጨት ስለሚሠራ ቀዛፊው በመቅዘፊያው ሊመታው ይችላል በሚል ፍርድ ተለያየን።

ሥዕሉንም እንደ ጽሑፉ ማንበብ ያስፈልጋል፤ ሥዕል የራሱ ሕግ አለውና። በዘጌ ያሉትን ገዳማት፣ ለምሳሌ ዑራ ኪዳነ ምሕረትን የጎበኘ ሰው፣ በጥንቱ የአሣሣል ልማድ ቅዱሳን ፊታቸው ሙሉ ሆኖ በሁለት ዓይን፣ ክፉዎች ደግሞ በጎን በአንድ ዓይን እንደሚሣሉ ያውቃል። ይህን የሚያውቅ ተመልካች «ሠዓሊው አንዱን ዓይን ረሳው» አይልም። ቅዱሱን ሥዕል ከመጽሔት ጋር ማመሳሰሌ አይደለም፤ ዓይናችን በሥዕል ሕግ አስቀድሞ የሠለጠነ መሆኑን ለማስታወስ ነው። በቆዩ ኮሚኮችም የባትማን ካባ በአንዱ ክፈፍ (በገጹ ላይ በመስመር በተከበበ አንድ ሥዕል) ጥቁር፣ በሌላው ሰማያዊ የሚመስለው ካባውን ስለሚቀይር አይደለም፤ በጥቁር ቀለም ላይ የብርሃንን አቅጣጫ ለማሳየት ሰማያዊ መጠቀም የዘመኑ ልማድ ስለነበረ ነው። ይህን ሳያውቁ መሳቅ ራስን ለእርማት ማጋለጥ ነው።

የማተሚያ ቤትና የጸሐፊ ስሕተቶችን በተመለከተ ረጅም ጊዜ ማጥፋት አያስፈልግም፤ ቀላል ሳቅ ስለሆኑ ለማሟሟቂያ ይጠቅማሉ። ሀልክ በ1962 በወጣው የመጀመሪያ ቁጥሩ ግራጫ ነበር፤ ማተሚያው ግራጫውን ከገጽ ገጽ አንድ ዓይነት አድርጎ ማውጣት ስላቃተው በሁለተኛው ቁጥር አረንጓዴ ሆነ። በ1963 የስፓይደርማን የራሱ መጽሔት ቁጥር 1 ላይ የጀግናው እውነተኛ ስም ፒተር ፓርከር በአንድ ታሪክ ውስጥ «ፒተር ፓልመር» ተብሎ ተጽፏል። የማርቬል አሳታሚ ደራሲና አርታኢ ስታን ሊ፣ ወደ ሀልክ የሚለወጠውን ሰው ብሩስ ባነርን በስሕተት «ቦብ ባነር» ብሎ በጻፈ ጊዜ ደግሞ፣ የሰውየው ሙሉ ስም ሮበርት ብሩስ ባነር ነው በማለት ስሕተቱን ወደ እውነት ለወጠው። ይህ የመጨረሻው ጥበብ ወደ ኋላ ስለምመለስበት በደብተርዎ ጠርዝ ላይ ምልክት ያድርጉበት።

አሁን ወደ ትልቁ ጉዳይ፣ ሱፐርማን እንደ ተራ ሰው ሲኖር ወደሚጠራበት ወደ ክላርክ ኬንት መነጽር እንምጣ። ሱፐርማን ማንነቱን የሚደብቀው መነጽር በማድረግ፣ ጸጉሩን በማስተካከልና ትከሻውን ሰብሰብ በማድረግ ነው። ሎይስ ሌን ከእርሱ ጋር በአንድ የጋዜጣ ቢሮ ትሠራለች፤ ሥራዋ ምሥጢር ማውጣት ነው፤ ሱፐርማንንም በተደጋጋሚ ፊት ለፊት አይታዋለች። ይህ ቀዳዳ ትልቅ የሚሆነው ታሪኩ ራሱ ሎይስ ሌን ብልህና ጠርጣራ ጋዜጠኛ መሆኗን ደጋግሞ ስለሚነግረን ነው። ሞኝ አድርጎ ቢሥላት ኖሮ ቀዳዳ ባልነበረ። በእኛ አገር ሰው የሚታወቀው በአረማመዱ ነው፤ ወደ ዘጌ የሚሄደው ጀልባ ገና መቅረቢያው ሳይደርስ ዳር የቆመች እናት ልጇን ከሩቅ በትከሻው አወዛወዝ ለይታ ትጠራዋለች። በዚህ ምክንያት ይህን ታሪክ ባነበብን ቁጥር ታንኳ ሠሪው አባት ከልባቸው ይገረማሉ።

አሳታሚዎቹ ቀዳዳውን ሳያዩት አልቀሩም። በ1978 በወጣው «ሱፐርማን» ቁጥር 330 ላይ ማብራሪያ ሰጡ፦ መነጽሩ ሕፃኑን ሱፐርማንን ወደ ምድር ካመጣችው መንኮራኩር ቁስ የተሠራ በመሆኑ፣ ሳያውቀው ከዓይኑ የሚወጣውን የማፍዘዝ ኃይል ያጎላዋል፤ ስለዚህ የሚያየው ሰው ሁሉ ደካማና ቀጭን ሰው ያያል። እንዲህ ያለ ማብራሪያ ሲያጋጥምዎ አይለፉት፤ ጠጋኙን ከቀዳዳው እኩል ይመርምሩት። እኛ የጠየቅነው ይህን ነበር፦ መላውን ከተማ ለ40 ዓመታት ያፈዘዘ ኃይል ካለው፣ ባንክ የሚዘርፉትን ሰዎች አንድ ጊዜ በመነጽሩ አይቶ «ወደ ቤታችሁ ግቡ» ማለት ለምን አልቻለም? አዲስ ጠጋኝ አዲስ ቀዳዳ ይዞ ሲመጣ ማግኘት በዚህ ሥራ ውስጥ ከሁሉ የሚበልጥ ደስታ ነው።

ቀልዱን እንዴት እንደሚናገሩት ደግሞ ከቅኔ ቤት ልማድ መማር ይቻላል። ባለቅኔው ሰሙን በግልጽ ያስቀምጣል፣ ወርቁን ግን ራሱ አያብራራም፤ ለሰሚው ይተወዋል። እርስዎም አስቀድመው የታሪኩን ሕግ በታሪኩ በራሱ ቃል ይናገሩ፣ ቀጥሎ የሆነውን ይናገሩ፣ ከዚያ ዝም ይበሉ። ስለ መነጽሩ ከሰማኋቸው ሁሉ የተሻለው አንድ ተማሪ የተናገረው ነው፦ «እርሱ በግንብ አሻግሮ ያያል፤ እርሷ በመነጽር አሻግራ ማየት ተሳናት።» ይህ ዓረፍተ ነገር የሚሠራው ሁለቱ ሐሳቦች ሚዛናቸው እኩል ስለሆነና ተናጋሪው ከዚያ በኋላ አንድም ቃል ስላልጨመረ ነው። «ስለዚህ ታሪኩ ስሕተት ነው» ብሎ ቢቀጥል ኖሮ ሳቁን ራሱ በገደለው ነበር። ድምፅንም መጠበቅ ያስፈልጋል፤ ቀዳዳ የሚያነብ ሰው እንደ ዜና አንባቢ ረጋ ብሎ ሲያነብ ሳቁ የሚፈነዳው ከአድማጩ እንጂ ከአንባቢው አይደለም።

አንዳንድ ቀዳዳዎች በክርክር ሳይሆን በሙከራ ይፈተናሉ። ዎንደር ዉማን የተባለችው ጀግና ከ1942 ጀምሮ የማይታይ አውሮፕላን አላት፤ አውሮፕላኑ አይታይም፣ እርሷ ግን ትታያለች። ሠዓሊዎቹ አንባቢው እንዳይደናገር የአውሮፕላኑን ጠርዝ በቀጭን መስመር ያሳዩናል፤ ይህ የሥዕል ሕግ ስለሆነ ልንስቅበት አይገባም። ዋናው ጥያቄ፣ አንዲት ሴት ባዶ ሰማይ ላይ ተቀምጣ ስትጓዝ እየታየች የመሣሪያው መሠወር ምን ይጠቅማታል የሚል ነው። ይህ ጥያቄ በተነሣበት ቅዳሜ ነፋስ አልነበረም፤ ሐይቁም ጸጥ ብሎ ነበር። ታንኳ ሠሪው አባት ተነሥተው አንድ ባዶ የብርጭቆ ሳህን ከሻይ ቤቱ ተውሰው ውሃው ላይ አስቀመጡ። ከቆምንበት ሆነን ሳህኑን በደንብ ማየት አልቻልንም፤ ውሃው ተገፍቶ የጎደጎደበትን ቦታ ግን ሁላችንም አየን። «ልጆቼ፣ ውሃ ይመሰክራል» አሉ። «ያች ሴትዮ እዚህ ሐይቅ ላይ ብታርፍ አውሮፕላኗ አይታይም፤ የአውሮፕላኗን ቅርጽ የያዘ ጉድጓድ ግን ውሃው ላይ ይታያል።» መምህሩም ተንሳፋፊ ነገር ሁሉ ክብደቱን የሚያህል ውሃ እንደሚገፋ ጨምሮ አስረዳን፤ መታየትና አለመታየት በዚህ ላይ ለውጥ አያመጣም። እርስዎም ጓደኞችዎን ሰብስበው ይህን በሳፋ ውሃ ሊሞክሩት ይችላሉ። ሳህኑ ጎኑ ቀጥ ያለ፣ ውሃው የጠራ፣ ብርሃኑም ከጎን የሚመጣ ቢሆን ጥሩ ነው።

ከሂሳብ ጋር የተያያዙት ታሪኮች ግን ጥንቃቄ ይሻሉ። ልዕለ ጀግኖች ከከፍታ የሚወድቅ ሰው መሬት ሊነካ ጥቂት ሲቀረው በክንዳቸው ይቀልባሉ፤ የተቀለበውም ሰው አመስግኖ ይሄዳል። ይህን በጢስ አባይ እንለካው። ከ40 ሜትር ያህል ከፍታ የወደቀ ሰው፣ የአየሩን ግፊት ብንተወው፣ ታች የሚደርሰው ከ3 ሰከንድ ባነሰ ጊዜ ሲሆን በዚያ ቅጽበት ፍጥነቱ በሰዓት 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ይሆናል። ጀግናው በግማሽ ሜትር ርቀት ውስጥ ካቆመው በሰውየው ላይ የሚደርሰው ኃይል የመሬት ስበት 80 እጥፍ ያህል ነው፤ እንዲህ ያለ ክንድ ከድንጋይ ብዙም አይሻልም። ጀግናው አብሮት ወደ ታች እየበረረ በመጨረሻዎቹ 20 ሜትሮች ውስጥ ቀስ በቀስ ቢያቆመው ግን በሰውየው ላይ የሚደርሰው ኃይል ወደ ስበት 2 እጥፍ ይወርዳል፤ ሰውየውም በሰላም ይተርፋል። ስለዚህ የመቅለብ ክፈፍ ባዩ ቁጥር መጀመሪያ የሚቆጥሩት ከተቀለበበት እስከ ቆመበት ያለውን ርቀት ይሁን።

በዚህ ጉዳይ ላይ በ1973 የወጣው የስፓይደርማን ቁጥር 121 ልዩ ቦታ አለው። የፒተር ፓርከር ፍቅረኛ ግዌን ስቴሲ ከድልድይ ስትወድቅ ስፓይደርማን በድሩ ይይዛታል፤ ከአንገቷ አጠገብ ግን አንድ ትንሽ የመሰበር ድምፅ ተጽፏል፤ ልጅቷም ሞታ ትገኛለች። አሳታሚው በኋላ በአንባቢያን ደብዳቤ አምድ ላይ፣ የገደላት የድሩ ድንገተኛ ማቆም መሆኑን አመነ። ሌሎች በመቶ የሚቆጠሩ ታሪኮች የሸሹትን ሕግ ይህ ታሪክ ስላከበረ፣ እኛ እዚህ ገጽ ላይ ስንደርስ አንስቅም፤ ማንም እንዳይስቅ እመክራለሁ። በዚያው መጽሔት ውስጥ ግን የሚያስቅ ነገር አለ፤ ጽሑፉ ድልድዩን የጆርጅ ዋሽንግተን ድልድይ ይለዋል፣ ሥዕሉ ግን የሚያሳየው የብሩክሊንን ድልድይ ነው። ነባሩን የአባይ ድልድይ እየተረኩ አዲሱን እንደ መሣል ነው፤ የባሕር ዳር ልጅ ይህን ሲያይ ዝም ሊል አይችልም። በአንድ መጽሔት ውስጥ የሚሳቅበትንና የማይሳቅበትን ገጽ መለየት ትልቅ የአንባቢነት ማዕረግ ነው ብዬ አምናለሁ።

ቀዳዳዎቹ ከየት እንደመጡ ማወቅ ሳቁን አያጠፋውም፣ ያጣፍጠዋል እንጂ። እነዚህ መጽሔቶች በየወሩ ለገበያ መድረስ ነበረባቸው፤ ዋጋቸው በ1938 10 የአሜሪካ ሳንቲም ነበር፤ የሚገዟቸውም ልጆች ናቸው። ሲገልና ሹስተር የሱፐርማንን መብት የሸጡት በ130 ዶላር ነው። እንደ ጁሊየስ ሽዋርትዝ ያሉ አርታኢዎች ደግሞ አንዳንድ ጊዜ የሚያጓጓውን ሽፋን አስቀድመው ያሠሩና ደራሲው ያን ሽፋን የሚያስረዳ ታሪክ እንዲፈልግ ያዙ ነበር። ጣሪያው ተሠርቶ ግድግዳው በኋላ በቆመበት ቤት ውስጥ ክፍተት መገኘቱ አይደንቅም። ስለዚህ ሲስቁ የሠሩትን ሰዎች እንደ ሞኝ አይቁጠሩ፤ ይህን በቡድናችን ውስጥ እንደ ጥብቅ ደንብ ይዘነዋል።

እንዲያውም ፈጣሪዎቹ ቀዳዳውን ገና ሳይፈጠር አይተው የሸፈኑባቸው ጊዜያት አሉ። አሜሪካ ወደ ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ስትገባ፣ ሱፐርማን ቢዘምት ጦርነቱን በአንድ ቀን ሊጨርሰው ይገባ ነበር፤ እውነተኛው ጦርነት ግን አላለቀም። በ1942 የጋዜጣ ተከታታይ ላይ የተገኘው መላ እንዲህ ነው፦ ክላርክ ኬንት ለመዝመት ጓጉቶ ለምርመራ ሲቀርብ፣ ሳያስበው ግድግዳውን አሻግሮ በሚቀጥለው ክፍል የተሰቀለውን የዓይን መመርመሪያ ሰሌዳ ያነባል፤ ሐኪሙም ዓይኑ አያይም ብሎ ይመልሰዋል። ወንድሞቻቸው ጦር ሜዳ ላሉ ልጆች የተጻፈ ታሪክ መሆኑን ሳስብ፣ የዚህ መላ ብልሃትና ርኅራኄ ሁልጊዜ ይደንቀኛል።

የዕድሜን ነገር በአጭሩ ልለፈው። የባትማን ረዳት ሮቢን በ1940 ልጅ ሆኖ ገባ፤ ወደ ዩኒቨርሲቲ የሄደው በ1969 መጨረሻ በወጣ መጽሔት ነው። በ1940 የተወለደ የጎጃም ልጅ በ1963 ሥራ በጀመረው የባሕር ዳር ፖሊቴክኒክ ተምሮ፣ ተመርቆ፣ ወልዶ ሳለ ሮቢን ገና ተማሪ ነበር። የዕድሜ ቀዳዳ በሁሉም የቆዩ ኮሚኮች ስላለ አንድ ጊዜ ከሳቁበት በቂ ነው።

የመጨረሻውና ከሁሉ የሚያስደስተው ሥራ መጠገን ነው። ካፒቴን አሜሪካ በ1964 ወደ ማርቬል ታሪኮች ሲመለስ፣ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት ማብቂያ ጀምሮ በበረዶ ውስጥ ተኝቶ እንደቆየ ተነገረ። ነገር ግን በ1950ዎቹ የካፒቴን አሜሪካ መጽሔቶች ወጥተው ነበር፤ በበረዶ ውስጥ የተኛ ሰው እንዴት ይዋጋ ነበር? በ1972 ደራሲው ስቲቭ ኢንግልሃርት፣ የ1950ዎቹ ሰው ስሙንና መልኩን የወሰደ ሌላ ሰው ነበር የሚል ታሪክ ጻፈ፤ ቀዳዳው ራሱ ግሩም ታሪክ ሆነ። ስታን ሊም አንባቢዎች ስሕተት እየለቀሙ ሲጽፉለት፣ ስሕተቱን ለጠቆመ ብቻ ሳይሆን ስሕተት እንዳልሆነ ላስረዳ አንባቢ «ኖ ፕራይዝ»፣ ማለትም «የሌለ ሽልማት» የተባለ ክብር ይሰጥ ጀመር። ከ1967 ጀምሮ ለአሸናፊው ሽልማቱን መያዙ በላዩ የታተመበት ፖስታ በአድራሻው ይላክለት ነበር፤ ፖስታው ውስጥ ግን ምንም አልነበረም። ባዶ ነው ብለው ቅሬታ የጻፉ ተሸላሚዎችም ነበሩ።

እኛም ይህንኑ ልማድ ወስደናል፤ እርስዎም በአካባቢዎ ሊጀምሩት ይችላሉ። ቀዳዳ ያገኘ ሰው ሳቁን ይወስዳል፣ ፖስታውን ግን የሚወስደው የጠገነው ነው። ጠጋኙ የታሪኩን ሕግ መጣስ የለበትም፤ «ሕልም ነበር» የሚል መልስ አይቀበሉ፤ ሁሉም በእጅ ብልጫ ይፍረድ። የማይታየውን አውሮፕላን ከጠየቅን ከሁለት ሳምንት በኋላ ታንኳ ሠሪው አባት አሰላስለውበት መጡና እንዲህ አሉ፦ «ልጅቷ ሞኝ አይደለችም። ገላጣ ውሃ ላይ አታርፍም፤ ደንገል መካከል ነው የምታርፈው። እዚያ ውሃው ቢጎደጉድ ማን ያየዋል? ደንገሉ ጎንበስ ቢል ነፋስ ነው ይባላል።» ስምንት እጅ ተነሣ። ፖስታ ሲያዘጋጁ በላዩ ላይ የአሸናፊውን ስም፣ የመጽሔቱን ቁጥርና የተጠገነውን ገጽ በጥሩ የእጅ ጽሑፍ ይጻፉ፤ ውስጡን ባዶ ይተዉት፤ ከዚያም በሰው ሁሉ ፊት አፉን በሙጫ ያሽጉት።